የኮሮላ 2004 ኤሲ ፋን ፍጥነቱ ይዋዥቃል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቆማል፤ ከየት ልጀምር?

ኮሮላ_ፒያሳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ቶዮታ ኮሮላ ነው፣ በፈረንጆቹ የ2004 ምርት፣ 1.6 ቤንዚን፣ ኤሲው አውቶማቲክ (ዲግሪውን በቁጥር የሚያሳየው)። የምጠይቀው ወደ ውስጥ አየር ስለሚነፋው ፋን ነው፤ የራዲያተሩን አይደለም።

ፍጥነቱን መሃል ላይ ሳደርገው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ደህና ይሠራና ማንም ሳይነካው ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። አንዳንዴ እየሠራ ሳለ ጭራሽ ይቆማል። ከቆመ አምስት ደቂቃም ሃያ ደቂቃም ሊቆይ ይችላል። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ይነሳል። ከተሳፋሪው እግር በላይ ያለውን ፕላስቲክ በጡጫ መታ ሳደርገውም ይነሳል። ከፍተኛው ፍጥነት ላይ መዋዠቁ ይቀንሳል እንጂ መቆሙ እዚያም አልቀረም። ብዙ ከሠራ በኋላ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አለው።

እስካሁን ፊውዙ ታይቷል፣ ደህና ነው። አንድ ጋራዥ የፋኑን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ሞጁል በሌላ ያገለገለ ሞጁል ቀይሮት ነበር፤ ሁለት ሳምንት ተሽሎት ተመለሰበት። አሁን ደግሞ «የኤሲው ኮምፒውተር ነው፣ ፓነሉ ይቀየር» ተብያለሁ። ቴስተር አለኝ፣ ቮልት መለካትም እችላለሁ። በዚህ ክረምት ጠዋት ከፒያሳ በቸርችል ስወርድ ፋኑ ከቆመ የፊት መስታወቱ ወዲያው ጉም ይለብሳል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ከየት ልጀምር?


አሥራ_ሁለት_ቮልት፦

ወንድሜ፣ ፓነሉን እንዳትገዛ። እስካሁን የተቀየረው ሳይለካ ነው የተቀየረው፤ ሁለተኛውም እንደዚያው ሊሆን ነው። ከጻፍካቸው ምልክቶች ውስጥ ፓነሉን የሚያስጠረጥር አንድም የለም። ሲመታ የሚነሳ ነገር ብዙውን ጊዜ የላላ ወይም የተቃጠለ ኮንታክት ነው።

ቴስተር ከማንሳትህ በፊት ሁለት ነገር ለይ። አንደኛ፣ የሚጠፋው የፋኑ ዙር ነው ወይስ አየሩ ብቻ? ፋኑ እየጮኸ አየሩ ከቀነሰ ችግሩ ኤሌክትሪክ አይደለም፤ የጋቢናው አየር ፊልተር በአቧራ ተደፍኗል፣ ወይም ኢቫፖሬተሩ (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል) በረዶ ሠርቷል። እንዲያውም መንገዱ ሲዘጋ የዚህ ዓይነት ፋን የሚገፋው አየር ስለሚያንስ ጭነቱ ይቀልለታል፤ ዙሩ ይጨምርና ድምፁ ይቀጥናል። በረዶ ከሆነ ኤሲውን አጥፍተህ ፋኑን ብቻ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ስታስኬደው አየሩ ይመለሳል። ያንተ ድምፁም አብሮ ስለሚወርድ ከዚህ ወጥተሃል፣ ግን ፊልተሩን ማየትህ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ የሚዋዥቀው «አውቶ» ላይ ብቻ ነው ወይስ ፍጥነቱን በእጅህ ስትመርጥም? አውቶ ላይ ከሆነ ኮምፒውተሩ በሴንሰር ተነግሮት ሊሆን ይችላል። በእጅ ስትመርጥም ከተዋዠቀ ሴንሰሮቹን እርሳቸው፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ወፍራሙ ሽቦ ያለበት መስመር ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፖዘቲቩ ከባትሪ ተነስቶ በትልቁ ፊውዝና በሪሌው (በኮረንት በሚሠራው ማብሪያ) በኩል ቀጥታ ወደ ፋኑ ሞተር ይገባል። ከሞተሩ የሚወጣው ሁለተኛ ሽቦ ወደ ሞጁሉ ይሄዳል። ሞጁሉ በር ነው፤ ያንን ሽቦ ከቦዲው ኔጋቲቭ ጋር እየከፈተና እየዘጋ ያገናኛል። ምን ያህል እንደሚከፍት የሚነግረው ከኤሲው ኮምፒውተር የሚመጣ ቀጭን ሽቦ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ የሚወሰነው በኔጋቲቭ በኩል ነው። ይህን ካወቅህ ፍለጋው በዋናነት አራት ቦታ ይቀረዋል፦ የፖዘቲቩ መስመር፣ ሞተሩ ራሱ፣ ሞጁሉ፣ እና የሞጁሉ ኔጋቲቭ።

አሁን ለካ። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርግ። የሞተሩን ሶኬት አትንቀል፤ ሽቦዎቹ ወደ ሶኬቱ በሚገቡበት ከጀርባ በኩል ሁለት ቀጭን መርፌ አስገባና ቴስተሩን በሁለቱ መሃል አገናኝ። መርፌዎቹ እርስ በርስም ብረትም እንዳይነኩ። ከመርፌዎቹ ረዘም ያለ ሽቦ ስበህ ቴስተሩን ወንበር ላይ ብታስቀምጠው ሌላ ሰው እየነዳ አንተ ቁጥሩን ማየት ትችላለህ፤ ዋናው ጥበብ ይህ ነው፣ ፋኑ በሚወርድበት ወይም በሚቆምበት ቅጽበት ቁጥሩን ማየት።

ፋኑ ሲወርድ ወይም ሲቆም ቁጥሩ ሳይወርድ ከቀረ ሞተሩ ነው፤ መብላት እየቀረበለት አልበላ ያለ ሞተር ነው። ቁጥሩ ከፋኑ ጋር አብሮ ከወረደ ሞተሩ ነፃ ነው፣ ችግሩ ከሱ በፊት ወይም በኋላ ነው። ያን ጊዜ አንዱን ጫፍ የሞተሩ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርግ፤ ፋኑ በሙሉ ፍጥነት እየሠራ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ የፖዘቲቩ መስመር ላይ የሚበላ ኮንታክት አለ። ከሞጁሉ ኔጋቲቭ ሽቦ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ደግሞ ከ0.2 ቮልት ማለፍ የለበትም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሞጁሉ ወይም ወደ እሱ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ቀረ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሶኬቱን ነቅሎ «12 ቮልት አለ» ማለት ምንም አይነግርም። በአንዲት የሽቦ ክር ብቻ የተያያዘ ኮንታክትም ያለ ጭነት 12 ቮልት ያሳያል፤ ፋኑ 15 አምፔር ሲጠይቀው ነው የሚሰንፈው። ስለዚህ ሁልጊዜ ፋኑ እየሠራ ለካ።


የድሮ_መካኒክ፦

ልጄ፣ እሱ እንዳለህ ለካ። እኔ ሞተሩ ሲወጣ ምን እንደምታይ ልንገርህ፤ ምክንያቱም እየሠራ ሳለ ቆሞ ሲመታ የሚነሳ ሞተር ከካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኮረንት ከሚያደርሱት ትንንሽ ቁርጥራጮች) ነው የሚጀመረው።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀልና ቢያንስ 90 ሰከንድ ቆይ። እዚያ አካባቢ ቢጫ ሶኬት ካየህ የኤርባግ ነው፣ እጅህን አታሳርፍበት። በተሳፋሪው ፊት ያለውን ኪስ ሁለት ጎኑን ወደ ውስጥ ጫን አድርገህ አውርደው። የፋኑ ሞተር ከበላዩ ካለው ሳጥን ጋር ብዙ ጊዜ በሦስት ብሎን ከታች ታስሯል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አጭር ካቻቢቴ ያዝ። ሶኬቱን ሽቦውን ይዘህ አትሳብ፤ መያዣ ምላሱን ጫን አድርገህ ፕላስቲኩን ይዘህ ሳበው። ሲወርድ ቀጥ አድርገህ አውርደው፣ ነፋሹ ከበሮ ከጠርዝ ጋር ከተጋጨ ሚዛኑ ይበላሻል። በከበሮው ላይ ትንሽ ብረት ተሰክታ ብታይ የሚዛን ናት፣ አትንቀላት።

በእጅህ አሽከርክረው። ማግኔቱ እየያዘ እየለቀቀ መንጠቅ መንጠቅ ማለቱ ያለ ነው። መጥፎው ሌላ ነው፦ ገፍተህ ስትለቀው ወዲያው ከቆመ ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽ ደርቋል፤ ዘንጉን ወደ ጎን ስታወዛውዘው ከተንቀሳቀሰ ቡሹ ተበልቷል። ደረቅ ቡሽ ሞተሩን ያከብደዋል፣ የከበደው ሞተር ብዙ አምፔር ይስባል፣ ያ አምፔር ሶኬቱንና ሞጁሉን ያቃጥላል። የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ያልከው ከዚህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሞጁል ብቻ እየቀየሩ ሞተሩን የማያዩ ሰዎች ሟቹን እየቀበሩ ገዳዩን እዚያው ይተዉታል።

ቀጥሎ በሞተሩ ጀርባ ባሉት ቀዳዳዎች በስልክህ መብራት ወደ ውስጥ እይ። ካርቦኖቹ የሚያርፉበት የመዳብ ቀለበት በቁመቱ በተከፋፈሉ ጠባብ ቁርጥራጮች የተሠራ ነው። ጤነኛው የቀላ ቡና መልክ ይዞ ለስላሳ ነው። ጥቁር፣ የተቦረቦረ፣ በተለይም አንዱ ቁራጭ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ከተቃጠለ የዚያ ቁራጭ ጥቅል ሽቦ ተበጥሷል። እንዲህ ያለው ሞተር ሲሠራ በዙሩ ጉልበት ያልፈዋል፤ ያንን ቦታ ላይ ሲያቆም ግን ሳይነሳ ይቀራል። እየሠራ የሚቆመው ደግሞ ካርቦኑ አጥሮ ስፕሪንጉ መግፋት ሲያቅተው ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ መኪናው ይዘላል፣ ካርቦኑም ዘሎ ይነካል። ከካርቦኑ ጀርባ ያለችው የተሸረበች መዳብ ክር ተወጥራ ካገኘሃት ካርቦኑ አልቋል ማለት ነው።

ትንሽ ጥቁር ብቻ ከሆነ ቀለበቱን በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አጽድተህ፣ በቁርጥራጮቹ መሃል የገባውን የካርቦን ዱቄት በጥርስ እንጨት አውጥተህ፣ ጎሚስታ ቤት በአየር ግፊት አስነፋው። ዝገት መፍቻ ስፕሬይ ካርቦኑ ላይ አትርጭ፤ ዘይቱ ከካርቦን ዱቄት ጋር ተቦክቶ ቀለበቱን ይለቀልቀዋል፣ በሳምንቱ ይብስበታል። ቡሹ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ሁለት ጠብታ ይበቃል፣ እሱም ጊዜ መግዣ ነው እንጂ የተበላ ቡሽ አያድንም።

ሌላ ነገር፣ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ወይም ቅጠል ካለ ከመጥረጊያው በታች ያለውን ፕላስቲክ ክፈት። ከበጋ ጀምሮ የረገፈው የጃካራንዳ አበባና የባሕር ዛፍ ቅጠል የውሃ መውረጃውን ይደፍነዋል፤ ክረምት ሲገባ ውሃው መውረጃ ሲያጣ ወደ ፋኑ ይፈሳል። ሞተሩ ላይ ነጭ ወይም ዝገት የመሰለ የውሃ መስመር ከታየ ይህ ሳይጠገን አዲስ ሞተር አታስገባ።


ማይክሮፋራድ፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። የአውቶማቲኩን በኩል ልጨምር፣ ሌላ ሰውም ይህን ሊያነብ ስለሚችል።

በዚያ ዘመን በነበሩ ብዙ ቶዮታዎች አውቶማቲክ ኤሲው ራሱን ይመረምራል። «አውቶ» እና አየር ማዞሪያውን (የመኪና ምስል ውስጥ ቀስት የተጠመዘዘበትን) ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭናችሁ ይዛችሁ የመኪናውን ማስነሻ ቁልፍ «ኦን» አድርጉ። መብራቶቹ አራት ጊዜ ብልጭ ድርግም ይሉና ኮድ ያሳያሉ። 00 ከሆነ ችግር የለም። 11 የውስጥ ሙቀት ሴንሰር፣ 12 የውጭ፣ 13 የኢቫፖሬተር፣ 14 የሞተር ውሃ ሴንሰር ነው። 21 የፀሐይ ሴንሰር ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ወይም በጨለማ ብትመረምሩ ደህናው መኪና ላይም 21 ይመጣል፣ ስለዚህ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ድገሙት። በ21 ብቻ ተነስቶ ዕቃ መግዛት ያሳዝናል።

የፋኑ ሞተርና ሞጁሉ ግን እዚህ ኮድ ውስጥ አይገቡም። 00 መጥቶ ፋኑ ቢዋዥቅ «ኮምፒውተሩ ደህና ነው ይላል፣ እንግዲያው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው» የሚል ድምዳሜ ላይ አትድረሱ።

የውስጥ ሙቀት ሴንሰሩ ዳሽቦርዱ ላይ ካለች ትንሽ ወንፊት ጀርባ ተቀምጦ አየር በቀጭን ቱቦ ይሳብለታል። ቱቦው ከተነቀለ ወይም ወንፊቱ በአቧራ ከተደፈነ ሴንሰሩ የጋቢናውን አየር ሳይሆን የዳሽቦርዱን ሙቀት ያነባል፤ አውቶ ላይ ፋኑ ያለ ምክንያት ሲጨምር ሲቀንስ ይውላል። መሞከሪያው ቀላል ነው፣ ፋኑን ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ የሶፍት ቁራጭ ወንፊቱ ላይ አስጠጉ፤ ለጠፍ ካለች ይስባል።

አውቶ ላይ ጠዋት በብርድ ፋኑ ቀስ ብሎ መጀመሩ ብልሽት አይደለም። የሞተሩ ውሃ እስኪሞቅ ቀዝቃዛ አየር እንዳይነፋባችሁ ሆን ብሎ ነው የሚዘገየው። የፊት መስታወቱን ጉም ማጥፊያ ቁልፍ ብትጫኑ ግን ወዲያው መነሳት አለበት።

አምፔር ለመለካት የሚያስብ ካለ፣ የተራ ቴስተር 10 አምፔር ቀዳዳ ለዚህ አይበቃም፤ ከፍተኛው ፍጥነት ላይ የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚለካው) ይሻላል፣ ግን ዲሲ የሚለካ መሆኑን አረጋግጡ። ርካሾቹ ኤሲ ኮረንት (እንደ ቤት መብራት ያለውን ተለዋዋጭ ኮረንት) ብቻ ነው የሚለኩት፣ መኪና ላይ ዜሮ ያሳያሉ።


ፈጣን_ጥገና፦

ይህ ሁሉ ልኬት ለምን? ከባትሪ አንድ ፖዘቲቭ በፊውዝ አምጥቶ፣ ከሞተሩ ኔጋቲቩን ቀጥታ ቦዲ ላይ አስሮ፣ መሃል ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ማድረግ ነው። ቪትዝ ላይም ሪዚስተሩ (የፋኑን ፍጥነት የሚቀንሰው) ሲቃጠል ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ፣ ይሠራል።


አሥራ_ሁለት_ቮልት፦

@ፈጣን_ጥገና ወንድሜ፣ ለአንድ ቀን ለምርመራ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ለኑሮ ግን አይሆንም። ፍጥነቱ አንድ ብቻ ይሆናል፣ ያውም ሙሉው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ፋኑ መቆሙንና መሥራቱን ስለማያዝ፣ ማብሪያውን የረሳ ሰው ኤሲው እየሠራ ፋኑ ሳይዞር ኢቫፖሬተሩን በረዶ ያደርገዋል፤ ፈሳሽ ጋዝ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል፣ ኮምፕሬሰር ደግሞ ፈሳሽ አይጨምቅም። ከሁሉ በላይ ሞተሩ ቡሹ የደረቀ ከሆነ ቀጥታ ሽቦው ያንኑ ከፍተኛ አምፔር ይሸከማል። በቀጭን ሽቦና በተራ የቤት ማብሪያ የተሠራ ከሆነ በዳሽቦርዱ ውስጥ እሳት ማለት ነው።

የቪትዙን ካነሳህ ግን ለማኑዋሎቹ (ኤሲያቸው አውቶማቲክ ላልሆነው) ልጨምር። እዚያ በሞጁሉ ቦታ ሪዚስተር ነው ያለው። ከፍተኛው ፍጥነት ብቻ ሠርቶ ሌሎቹ ከጠፉ ሪዚስተሩ ወይም በላዩ ያለችው የሙቀት ፊውዝ ተቃጥላለች፤ ከፍተኛው ሪዚስተሩን ስለማያልፍበት ነው የሚተርፈው። መሃል ካሉት አንዱ ብቻ ከጠፋ ማርሹ (መምረጫው) ወይም የሪዚስተሩ አንድ ጥቅል ነው። ሁሉም አንዴ እየሠራ አንዴ እየጠፋ ከሆነ ሪዚስተሩ ነፃ ነው፤ ሪሌ፣ ኔጋቲቭ፣ ሶኬት፣ ካርቦን ፈልጉ። የሙቀት ፊውዟን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ የለም። ሪዚስተሩ የሚቀዘቅዘው በሚያልፈው አየር ነው፤ ፊልተሩ ሲደፈን አየሩ ይቀንስበትና ይቃጠላል። እንዲያውም አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው፣ ፊልተር በአቧራ ተደፍኖበት ሲጨመር ሪዚስተሩ ምሕረት የለውም። በጥቅምትና በግንቦት መሃል ፊልተሩን ሁለት ጊዜ ማየት ይገባል።


ኮሮላ_ፒያሳ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለክቼ መጣሁ። በእጅ ፍጥነት ስመርጥም ይዋዥቃል፣ የምርመራ ኮዱም ፀሐይ ላይ 00 ነው፤ እህቴ ማይክሮፋራድ፣ ሶፍቷም ለጥፋለች።

የመኪናው ሞተር ተነስቶ፣ ፋኑ ሙሉ ፍጥነት ላይ ሆኖ፦ ባትሪ ላይ 14.1 ቮልት። በፋኑ ሞተር ሁለት ሽቦ መሃል 11.6። ከባትሪ ፖዘቲቭ እስከ ሞተሩ ፖዘቲቭ 1.9። ሞጁሉ ላይ 0.55፣ ከሞጁሉ ኔጋቲቭ እስከ ባትሪ ኔጋቲቭ 0.05። አንድ ወዳጄ ዲሲ ክላምፕ አውሶኝ 18 አምፔር አየሁ።

ግራ ያጋባኝ ይህ ነው፦ ፋኑ በቆመበት ቅጽበት ሞተሩ ላይ ያለው ቮልት አልወረደም፣ ጭራሽ 14.0 ሆነ። ክላምፑ ደግሞ ዜሮ። ሶኬቱን ስነቅለው ከሁለቱ ቀዳዳ አንዱ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ ፕላስቲኩ ትንሽ ቀልጧል።


አሥራ_ሁለት_ቮልት፦

እንዲህ ነው መለካት። ድመረው፦ 1.9 እና 11.6 እና 0.55 እና 0.05፣ ልክ 14.1 መጣልህ። ሲደመር ካልገጠመ መርፌው በደንብ አልነካም ማለት ነበር።

ሁለት ብልሽት አለህ፣ ሁለቱም ከፓነሉ ውጪ ናቸው። የመጀመሪያው ሞተሩ ራሱ ነው። ፋኑ ቆሞ 14.0 ቮልት ሞተሩ ላይ መታየቱ ግራ የሚያጋባ ሳይሆን የሚገላግል ነው። ኮረንት ካልሄደ መንገድ ላይ የሚጠፋ ቮልት የለም፣ ስለዚህ ሙሉው ሞተሩ ደጃፍ ላይ ይከመራል። ፖዘቲቩም ሞጁሉም በራቸውን ከፍተው እየጠበቁ ውስጥ የተቋረጠው ካርቦኑ ጋ ነው።

ሁለተኛው ያ የቀለጠ ሶኬት ነው። 1.9 ቮልት በ18 አምፔር ስታበዛው 34 ዋት ገደማ ነው። የፍሬን አምፖል 21 ዋት ነው፤ ከአንድ የፍሬን አምፖል የበለጠ ሙቀት የፖዘቲቩ መስመር ውስጥ፣ አብዛኛውም በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እየነደደ ነው። ለማረጋገጥ ከሶኬቱ አንድ ወገን ወደ ሌላው ወገን ለካ፣ ከዚያ ሪሌውን፣ ከዚያ ፊውዙን፤ የቱ ስንት እንደሚበላ ይታይሃል። ሞጁሉ ሲቀየር ለሁለት ሳምንት የተሻለህም በሞጁሉ አይመስለኝም። ሥራው ሲሠራ ሶኬቶቹ ተነቅለው ስለተሰኩ የተቃጠለው ኮንታክት ታሸና ለጊዜው ነካ።


የድሮ_መካኒክ፦

ሞተሩን ቀይረው። የሃያ ዓመት ሞተር ቡሹም ካርቦኑም አብሮ ካለቀ ካርቦን ብቻ ቀይሮ መመለስ ድካም ነው። ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ «የኮሮላ 2004» ብለህ ብቻ አትጠይቅ። ጎን ለጎን አስቀምጠህ የከበሮውን ስፋትና ከፍታ፣ የሦስቱን ብሎን ቀዳዳ፣ የሶኬቱን ቅርጽ አመሳክር። የከበሮው ክንፎች ወዴት እንዳዘነበሉ ተመልከት፤ ከቀኝ መሪ መኪና የወጣ ሞተር አንዳንዴ ወደ ተቃራኒው የሚዞር ነው፣ ይገጥማል፣ ይዞራል፣ አየር ግን አይሰጥም።

ባለ ሱቁ ባትሪ አለው። ሞተሩን አጥብቀህ ይዘህ በ12 ቮልት አስነሳው፣ አቁመው፣ ከበሮውን በጣትህ ትንሽ አዙረህ እንደገና አስነሳው፤ እንዲህ አሥር ጊዜ ያህል ከተለያየ ቦታ አስነሳው። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ሳይነሳ ከቀረ ወይም እጅ ካስፈለገው መልስለት። የካርቦኑን ብልጭታም በቀዳዳው እይ፤ ጥቃቅን ሰማያዊ ያለ ነው፣ ቀለበቱን የሚዞር ቢጫ እሳት ከሆነ ያለቀ ነው።


ኮሮላ_ፒያሳ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳሉት አደረግሁ። ሦስተኛው ሞተር ነው ያለፈው፤ ሁለቱ በስምንተኛውና በአራተኛው ሙከራ አልነሳ አሉ። ከመጥረጊያው ስርም ሁለት እፍኝ የበሰበሰ ቅጠል ወጣ፣ አንዱ መውረጃ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ነበር፤ ውሃ አፍስሼ መውረዱን አየሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የቀለጠውን ሶኬት ኤሌክትሪሺያኑ «ሽቦዎቹን ጠምዝዤ በናስትሮ ላስረው» ይላል። እና ሞጁሉስ ይቀየር?


ማይክሮፋራድ፦

በናስትሮ አይሆንም። የተጠመዘዘ ሽቦ 15 አምፔር ሲያልፍበት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይላላል፣ ሲላላ የበለጠ ይሞቃል፤ ናስትሮው ሙጫው ይቀልጥና ሽቦው ራቁቱን ይቀራል። ካገለገለ መኪና ላይ ሶኬቱን ከነሽቦው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አስቆርጠህ ግዛ፣ ያልጠቆረ መሆኑን እይ። አሮጌው ሽቦ ከሶኬቱ አጠገብ ጠቁሮና ደርቆ ስለሚሆን መዳቡ አብረቅራቂ እስከሚሆንበት ድረስ ወደ ኋላ ቁረጠው። መጋጠሚያውን በመጭመቂያ ፒንሳ በትክክለኛ መጠን ባለው ማያያዣ አስጨምቀህ በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ አልብሰው። ሽቦ መጨመር ካስፈለገ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ከዚያ አይነስ። ሁለቱን መጋጠሚያ አንድ ቦታ ላይ አታሳርፋቸው፣ አንዱን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ አድርገው።

ሞጁሉን አትቀይረው። 0.55 ቮልት በ18 አምፔር ጤነኛ ነው። የአሉሚኒየም ክንፎቹ መሃል የተጋገረውን አቧራ ብቻ በብሩሽ አራግፈው፣ አየሩ ካልደረሰው ይግላል። ከዚያ በዝቅተኛው ፍጥነት አሥር ደቂቃ አስኪደው ሞተሩ ላይ ያለው ቮልት ሳይንቀጠቀጥ ከቆመ ሥራው አልቋል።


ኮሮላ_ፒያሳ፦

ተሠራ። ሙሉ ፍጥነት ላይ ባትሪ 14.1፣ ሞተሩ ላይ 13.3፣ ፖዘቲቩ መስመር ላይ 0.3፣ ክላምፑ 14 አምፔር። ዝቅተኛው ላይ አሥር ደቂቃ አስኬድኩት፣ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ሶኬቱን በእጄ ነካሁት፣ ለብ እንኳ አላለም።


የድሮ_መካኒክ፦

ጥሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሶኬቱን አንዴ ነቅለህ ቀለሙን እይ፣ ነጭ እንደሆነ ከቆየ ኪሱን መልሰህ ግጠመው።